ይዞራል፣ አይነሳም፦ የአሮጌ ካሚዮን ሞተር እንደ ታሪክ ሰነድ

«ሞተሪኖው ይዞራል፣ ሞተሩ ግን አልነሳም አለ።»

ይህን ዓረፍተ ነገር በሕይወቱ አንዴም ያልተናገረ የካሚዮን ሹፌር ያለ አይመስለኝም። በሹፌሩ አፍ የቆመ ጭነት፣ የሚቆጠር ቀንና በስልክ የሚጮህ ባለንብረት ማለት ነው። ለመካኒኩ ደግሞ የምርመራው መነሻ ነው፤ ባትሪውና ሞተሪኖው ሥራቸውን ከሠሩ ችግሩ ሌላ ቦታ ነውና ግማሽ መንገድ ተሂዷል። ሳምንቱን ሙሉ ስለ ፖለቲካና ስለ ምንዛሪ ስታነቡ የከረማችሁ ተከታታዮች ዛሬ ትንሽ ናፍጣ ብታሸቱ አይከፋም። ይህቺ አጭር ዓረፍተ ነገር የታሪክ ሰነድ ናት ብዬ ልከራከር ነው።

ያለፉት 90 ዓመታት ታሪካችን የሚጻፈው ከቤተ መንግሥትና ከጦር ሜዳ ነው። ካሚዮን በታሪክ መጻሕፍታችን ብቅ የሚለው ወታደር ሲጭን ብቻ ነው። ነገር ግን ተራራ በበዛበት፣ ወደቡ በራቀ አገር ማን እንደበላና ማን እንደተራበ የወሰነው ብዙ ጊዜ የእህል መኖር ብቻ ሳይሆን የሚያደርሰው ጎማ መኖር ነው። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ የእርዳታ እህል አሰብ ወደብ ላይ ሲከማች ትልቁ ጭንቀት የካሚዮን እጥረት ነበር። አንድ ሞተር ማለዳ ተነሳ አልተነሳ የሚለው ነገር ተራ የጋራዥ ወሬ አልነበረም።

ከቃላቱ እንጀምር። «መኪና» ራሱ የጣሊያንኛው «ማኪና» ነው። «ሞተሪኖ» ትንሽ ሞተር ማለት ነው፤ ትልቁን ሞተር ቀስቅሶ የሚያስነሳው ትንሹ የኤሌክትሪክ ሞተር። ኮፋኖውን ከፍታችሁ ወደ ውስጥ ስትዘልቁ የምትሰሙት ሁሉ የዚያው አገር ነው፦ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ፖምፓ፣ ፊልትሮ፣ ቺንጋ፣ ኩሽኔታ፣ ፋሻ፣ ባሌስትራ፣ ቡሎን፣ ዳዶ። የሚፈታበት መሣሪያ ካቻቢቴና ፒንሳ ነው። ጎማ የሚሠራው ጎሚስታ፣ ቆርቆሮ የሚቀጠቅጠው ባቲላሜራ ነው። ረዳቱ ዳገት ላይ ከጎማው ሥር የሚወሽቃት ታኮ እንኳ በጣሊያንኛ የጫማ ተረከዝ ናት።

መሬት የሚቆፍሩ ሊቃውንት ዘመንን በንብርብር ይለያሉ። የጋራዥ አማርኛም እንዲሁ ንብርብር አለው። «ሹፌር» እና «ጋራዥ» ፈረንሳይኛ ናቸው፤ የጅቡቲው ባቡር ከተማዋን ፈረንሳይኛ ያስተማረበት፣ አፄ ምኒልክ የመጀመሪያውን አውቶሞቢል በ1900 ዓ.ም. አካባቢ ካዩ ወዲህ ጥቂት መኳንንት ብቻ መኪና የነበራቸው ዘመን ቃላት። የካሚዮኑ ሆድ ዕቃ ጣሊያንኛ ነው። ከዚያ በላይ የተነጠፈው እንግሊዝኛ ነው፤ ግሬደር፣ ዶዘር፣ ሎደር፣ ሮለር። የዚህን ምክንያት ወደ ኋላ እመጣበታለሁ። አማርኛ የራሱን ቃል የሰጠው በአብዛኛው ሰው እጁን ለሚያሳርፍበት ነገር ነው፦ መሪ፣ ቁልፍ፣ መፍቻ፣ ተሳቢ።

ጣሊያንኛው ንብርብር እንዴት እንደተነጠፈ እናውቃለን። የፋሺስት ጦር በመስከረም 1928 ዓ.ም. መረብን ሲሻገር ይዞት የመጣው አውሮፕላንና የመርዝ ጋዝ ብቻ አልነበረም። በሚያዝያ ወር ማርሻል ባዶሊዮ ከደሴ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ ሲገሰግስ ከ1,500 በላይ ተሽከርካሪዎች አሰልፎ ነበር፤ ፊያትና ላንቺያ፣ ከአሜሪካ ተገዝተው የመጡም ጭምር። ፋሺስቶቹ ለዚህ ጉዞ «የብረት ፈቃድ ሰልፍ» የሚል ስም አወጡለት። ብረቱ ግን ጣርማበር ላይ ሲደርስ ቆመ። ወገን መንገዱን ሰብሮት ስለነበር ወታደሮቹ ድንጋይ እየተሸከሙ፣ ካሚዮን እየገፉና በገመድ እየጎተቱ ነው ያለፉት። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 አዲስ አበባ የገባው ጦር ከጭቃ ጋር ሲታገል የሰነበተ ጦር ነው። ዛሬ በዚያው ተራራ ሆድ በሚያልፈው ዋሻ ውስጥ በሁለት ደቂቃ ስንፈተለክ ይህን የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ክርክር አለ። «ጣሊያን ባይመጣ መንገድ አይኖረንም ነበር» የሚሉ ሰዎች ዛሬም በየሻይ ቤቱ አሉ። ይህን አባባል አልቀበለውም። የአዲስ አበባና የደሴ መንገድ ክፉም ቢሆን ከወረራው በፊት ነበረ፤ ባዶሊዮ የሄደው በእሱው ላይ ነው። የጂማው መንገድ ሥራም ቀድሞ ተጀምሯል። ጣሊያን የሠራው መንገድ ሰፊና ጠንካራ ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም። ግን የተሠራው ጦር ለማመላለስ ነው፤ አርበኛውም ይህን ስለሚያውቅ የካሚዮን ቅፍለት ላይ አደጋ መጣል ዋና ስልቱ ነበር። ብዙ የአገሬ ሰው ካሚዮንን በቅርብ ያየው እንደ ጠላት ከብት ነው፤ መታረድ ያለበት፣ ሥጋውም የሚጠቅም።

ከነዚያ ካሚዮኖች አንዱ ፊያት 634 ነበር። ከ1931 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የወጣ፣ ከመጀመሪያዎቹ የጣሊያን የናፍጣ ካሚዮኖች የሚቆጠር ዝሆን ነው። አያቶቻችን «ትሬንታ ኳትሮ» ይሉት ነበር፤ «ሠላሳ አራት» ማለት ነው፣ የቁጥሩ ጭራ። በስሙ መጨረሻ ላይ ያለችው «ኤን» የምትባል ፊደል ደግሞ «ናፍጣ» የሚለውን ቃል ትወክላለች። ይህቺን ፊደል ያዙልኝ።

አሁን ወደ ሞተሩ እንግባ። የናፍጣ ሞተር ለምን እንደሚነሳ ያላወቀ ለምን እንደማይነሳ ሊያውቅ አይችልም።

የቤንዚን ሞተር ካንዴላ አለው፤ እሳት የሚጭርለት። የናፍጣ ሞተር እሳት የሚጭርለት የለም። ሩዶልፍ ዲዝል የተባለው ጀርመናዊ መሐንዲስ በ1897 እ.ኤ.አ. አውግስቡርግ ላይ ለሥራ ያበቃው ሐሳብ ይህ ነው፦ አየር በጠባብ ቦታ በኃይል ሲጨመቅ ይግላል። ደኅና ሞተር ውስጥ ሙቀቱ ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። በዚያ ቅጽበት ናፍጣ እንደ ጉም ሲረጭበት በራሱ ይቀጣጠላል። ዲዝል ራሱ በ1913 እ.ኤ.አ. መስከረም ማብቂያ ወደ እንግሊዝ ሲሻገር ከመርከብ ላይ ጠፍቶ በባሕር ቀረ፤ ሞቱ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ሞተሩም ካሚዮን ላይ እስኪወጣ ገና ብዙ ዓመት ጠብቋል፤ ናፍጣውን በትክክለኛው ቅጽበት፣ በትክክለኛው መጠን የሚረጭ ትንሽ ፖምፓ ስላልነበረ። ቦሽ ኩባንያ ያንን ፖምፓ ከ1927 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በብዛት አመረተ። ትሬንታ ኳትሮ ከአራት ዓመት በኋላ የመጣው በአጋጣሚ አይደለም።

ስለዚህ የአሮጌ ናፍጣ ሞተር ፍላጎት ሦስት ብቻ ነው፦ በበቂ ፍጥነት መዞር፣ የተጨመቀ አየር፣ በሰዓቱ የሚደርስ ናፍጣ። ኮምፒውተር የለውም። ከተነሳ በኋላ ባትሪውን ብትነቅሉት እንኳ ይሠራል። «ይዞራል፣ አይነሳም» ከተባለ ከሦስቱ አንዱ ጎድሏል። የድሮ መካኒኮች ብልኃት የትኛው እንደጎደለ አንድም ቡሎን ሳይፈቱ መለየታቸው ነው።

መጀመሪያ ጭሱን ያያሉ። ረዳቱ ቁልፍ ሲሰጥ መካኒኩ ቆሞ የሚያየው ሞተሩን አይደለም፤ የጭስ ማውጫውን ጫፍ ነው። ሞተሩ እየዞረ አንዲት ክር ጭስ ካልወጣ ናፍጣ ወደ ሲሊንደር አልደረሰም። ነጭ ጭስ ከወጣ ናፍጣው ደርሷል፣ ግን አልተቃጠለም፤ በቂ ሙቀት አላገኘም። ይህቺ አንዲት ምልክት ምርመራውን ለሁለት ትከፍለዋለች። ጭስ ሳያዩ ቴስታታ የሚያወርዱ ሰዎች የባለንብረቱን ገንዘብ ነው የሚያወርዱት።

ጭስ የለም እንበል። ከሁሉ በፊት የሚታየው የሚያሳፍረው ነገር ነው፤ ታንከሩ ውስጥ ናፍጣ አለ? የነዳጅ መለኪያው በአሮጌ ካሚዮን ላይ ጌጥ ስለሆነ እንጨት ተከትቶ ይለካል። ቀጥሎ የማጥፊያው ሽቦ። የድሮ ናፍጣ ሞተር በቁልፍ አይጠፋም፤ ሹፌሩ ሽቦ ስቦ የፖምፓውን ናፍጣ ይዘጋል። ሽቦው ዝጎ ወይም ተጣጥፎ ሳይመለስ ከቀረ ሞተሩ ባትሪው እስኪያልቅ ቢዞር አይነሳም። በእጅ ወደ ቦታው መመለስ ብቻ ነው መድኃኒቱ። ለዚህ የማይረባ ነገር ስንት ባትሪ እንደሞተ እግዜር ይወቀው።

ሽቦው ደኅና ከሆነ የናፍጣውን መንገድ መከተል ነው፦ ከታንከር ወደ ትንሿ መሳቢያ ፖምፓ፣ ከእሷ ወደ ፊልትሮ፣ ከፊልትሮ ወደ ትልቁ ፖምፓ፣ ከዚያ በቀጭን የብረት ቧንቧ ወደ ኖዝል። በዚህ መንገድ ላይ ትልቁ ሽፍታ አየር ነው። ናፍጣ አይጨመቅም፤ ፖምፓው ሲገፋው ኖዝሉን ያስከፍታል። አየር ግን እንደ ስፖንጅ ነው፤ ፖምፓው ሲገፋው ይሸበሸብና መልሶ ይነፋል፣ ኖዝሉ ሳይከፈት ይቀራል። ክፋቱ ደግሞ አየር የሚገባበት ቦታ አይታይም። ከመሳቢያዋ ፖምፓ በፊት ያለው መስመር የሚስብ እንጂ የሚገፋ ስላልሆነ፣ ቢላላም ሞተሩ ሲሠራ ናፍጣ ወደ ውጭ አያንጠባጥብም፤ አየር ወደ ውስጥ ይጠጣል። «የሚፈስ ነገር የለም» ብሎ የሚያልፈው ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው።

መፍትሔው ሽማግሌዎቹ ለልጅ የሚያስተምሩት የመጀመሪያው ሥራ ነው። የፊልትሮው ማስተንፈሻ ቡሎን ይላላል፤ በእጅ የምትገፋዋ ማንሻ ትገፋለች። መጀመሪያ አረፋ ይወጣል፣ ከዚያ አረፋና ናፍጣ፣ በመጨረሻ ጥርት ያለ ናፍጣ። ያኔ ይጠበቃል። ቀጥሎ ትልቁ ፖምፓ። በመጨረሻ የቧንቧዎቹ ዳዶ ኖዝሉ ጋ ላላ ተደርጎ ሞተሩ ይዞራል፤ ናፍጣ ፊጭ ፊጭ ሲል አንድ በአንድ ይጠበቃሉ። ብዙ ጊዜ ሦስተኛው ሳይጠበቅ ሞተሩ መንኳኳት ይጀምራል። ታዲያ ሞተሪኖውን ከ15 እና 20 ሰከንድ በላይ በአንድ ትንፋሽ ማዞር የለም፤ ይቃጠላል። አንድ ሁለት ደቂቃ ማሳረፍ ነው።

አየር የለም፣ ናፍጣም አይደርስም ከተባለ ፊልትሮው ተዘግቷል ወይም ውኃ ገብቷል። ይህ የእኛ አገር የታሪክ በሽታ ነው። ነዳጅ በበርሜል ተጉዞ፣ በጀሪካን ተቀድቶ በኖረበት አገር ፊልትሮ ሥር ውኃና አሸዋ ማግኘት ብርቅ አይደለም። ናፍጣን በነጭ ጋዝ መበረዝም የቆየ ልማድ ነው። ናፍጣ ለፖምፓው ነዳጅ ብቻ ሳይሆን ቅባትም ነው፤ ነጭ ጋዝ ግን ቀጭን ስለሆነ የፖምፓውን ሆድ ይበላዋል። የተበላ ፖምፓ ልዩ ጠባይ አለው፦ ጠዋት በብርዱ ይነሳል፣ ቀትር ላይ ሻይ ጠጥተው ሲመለሱ አልነሳም ይላል። ናፍጣው ሲሞቅ ይቀጥንና በተበላው ቀዳዳ ያመልጣል። ፖምፓው ላይ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርገው ጠብቀው ሲያስነሱት ያየ ሰው አስማት ይመስለዋል። ፊዚክስ ነው።

ነጭ ጭስ ያየ መካኒክ ደግሞ የሚያስበው ሙቀትን ነው። ሞተሪኖው እየደከመ ቀስ ብሎ ከዞረ አየሩ ሳይግል ሙቀቱ በሲሊንደሩ ግድግዳ ይጠጣል። ስለዚህ «ይዞራል» የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃም፤ እንዴት ይዞራል? የሚል ጥያቄ ይከተለዋል። የድሮ ሰዎች በጆሮ ይለኩታል። ፋሻው ካለቀ ጭመቃው ያመልጣል፤ የዘይት መሙያውን ክዳን ሲከፍቱት ሞተሩ እንደ ደከመ በቅሎ ይተነፍሳል። አንዳንዱ ሞተር አየሩን የሚያሞቅ ካንዴሌታ አለው፤ እሱም ተቃጥሎ ይሆናል።

እዚህ ላይ ከፍታ ይመጣል፤ ይህ ጉዳይ ከጣሊያን መመሪያ መጽሐፍ ይልቅ በእኛ መንገድ ላይ የተጻፈ ይመስለኛል። አሰብ ባሕር ወለል ላይ ናት፤ እንደ ምጣድ የጋለች። ከዚያ ተነሥቶ በኮምቦልቻ፣ በደብረ ሲና ወጥቶ ጣርማበር ሲደርስ ካሚዮኑ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ያለው የአየር ግፊት ከአሰቡ ሲሶ ያህል ያንሳል። የሚጨመቀው አየር ቀድሞውኑ ሳስቷል ማለት ነው። ፋሻው ትንሽ የተበላ ሞተር አሰብ ላይ በአንድ ቁልፍ ይነሳል፤ በሁለተኛው ሌሊት ደብረ ብርሃን ላይ አድሮ ጠዋት በውርጭ እምቢ ይላል። ሞተሩ አልተበላሸም፤ አገሩ ተቀይሮበታል። የዚያ መንገድ ሹፌር ማታ ሲያቆም የሚመርጠው ቦታ ስለ ነገ ጠዋት ያለውን ጥርጣሬ ይናገር ነበር፤ አፍንጫው ወደ ቁልቁለት፣ ታኮ ከጎማው ሥር። ጠዋት ሞተሪኖው ካቃተው ታኮውን አንሥቶ ማንከባለል ነው። ግን ቁልቁለት አንዴ ነው የሚገኘው፤ ናፍጣ ሳይደርሰው ያንከባለለ ሰው ታች ሜዳ ላይ ቆሞ ይቀራል።

ይህ ሁሉ ዕውቀት ከየት መጣ? ድል በ1933 ዓ.ም. ሲገኝ የእንግሊዝ ጦር ብዙ ተሽከርካሪና ማሽን ከአገር አውጥቷል፤ ጣሊያኖቹንም ሊያስወጣ ይፈልግ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በዚህ አልተስማሙም። ጠላት የነበረው ሕዝብ ውስጥ ግንበኛ፣ መካኒክ፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበረና የተወሰነው ሲባረር የተወሰነው ቀረ። በእነዚያ ጋራዦች ውስጥ መፍቻ የሚያቀብለው ልጅ አበሻ ነበር። «ካቻቢቴ አምጣ» ሲሉት ያመጣል፤ ቃሉን ከዕቃው ጋር ተማረ። መጽሐፍ የሰጠው የለም። ኋላ ለራሱ ረዳት ሲያስተምርም እንዲሁ በቃልና በእጅ አስተማረ። ለዚህ ነው የጋራዥ ምርመራችን የሚነገር እንጂ የሚነበብ ያልሆነው። ይህን እንደ ኋላ ቀርነት የሚያዩ አሉ። እኔ እንደ ቅኔ ቤት ነው የማየው፤ መምህሩ ፊት ቆሞ፣ ተሳስቶ፣ ተሰድቦ፣ ታርሞ የሚወሰድ ዕውቀት ነው። ጉድለትም አለው፤ መምህሩ ሲሞት አብሮ ይሞታል።

እንግሊዝኛው ንብርብር የመጣው በ1943 ዓ.ም. ነው። ኢትዮጵያ በዚያ ዓመት ለመንገድ 5 ሚሊዮን ዶላር ከዓለም ባንክ ተበደረች፤ ባንኩ ለአፍሪካ ከሰጣቸው የመጀመሪያ ብድሮች አንዱ ነው። የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ አሜሪካውያን መሐንዲሶችም መጡ። ከጦርነቱ የተረፈው መንገድ ድልድዩ ተሰብሮ፣ አስፋልቱ ተቦርቡሮ ስለነበር ሥራው ጥገና ነበር ማለት ይቀላል። ግሬደርና ዶዘር በዚህ በር ገቡ፤ ለዚህ ነው መንገዱን የሚሠራው ማሽን እንግሊዝኛ፣ በመንገዱ ላይ የሚሄደው ካሚዮን ጣሊያንኛ የሚናገረው።

በዚያ መንገድ ላይ ነው ንጉሡ የመጣው። ፊያት 682 በ1952 እ.ኤ.አ. ተወለደ፤ ሦስተኛው ትውልድ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ወጣ። ስሙ «ኤን ትሬ» ነው፤ ያዙልኝ ያልኳችሁ ፊደል፣ «ናፍጣ ሦስት»። ስድስት ሲሊንደር፣ ከ11 ሊትር በላይ የሆነ ሞተር። በአፍሪካ ብዙ ቦታ ንጉሥ ተብሏል፤ እኛ አገር ኤንትሬ ከካሚዮን ስምነት አልፎ የጥንካሬ መለኪያ ሆነ። ጣሊያን ውስጥ የነበሩት መሪያቸው በቀኝ ነበር፤ በተራራ መንገድ ሹፌሩ የገደሉን ጠርዝ እንዲያይ ነው ይባላል። በ1959 ዓ.ም. ሶቪየቶች የሠሩት የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያ ሥራ ሲጀምር ኤንትሬ የአሰብን መንገድ የራሱ አደረገው። አዲስ አበባ ውስጥ ካሚዮን የሚገጣጥመው አምቼም ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዚሁ ቤተሰብ ነው።

ደርግ ወደ ምሥራቅ ሲዞር ጋራዡም ዞረ። በ1970 ዓ.ም. አካባቢ ምሥራቅ ጀርመን ቡና ቸግሯት ነበር፤ ብራዚል ላይ የወረደው ውርጭ የዓለምን የቡና ዋጋ ሰቅሎታል። ከኢትዮጵያ ጋር ተስማማች፦ ቡና ስጡን፣ መሣሪያና ካሚዮን እንስጣችሁ። «ኢፋ» የምንለው ካሚዮን የዚያች አገር ልጅ ነው። የጂማና የሐረር ገበሬ ቡና ወደ ፒስተንነት ተለወጠ ማለት ነው። የሚገርመው የኢፋን ሞተር የጠገኑት መካኒኮች ጀርመንኛ ቃል አላመጡም፤ የጀርመኑን ሞተር በጣሊያንኛ ጠገኑት። የዘዴው ሥር ያን ያህል ጠልቆ ነበር።

ሲኖትራክም ሲመጣ እንዲሁ ሆነ። በሚያደርሰው አደጋ «ቀይ ሽብር» ብለን የሰየምነው ካሚዮን ቀደም ብለው የገቡት ሞተራቸው ቻይና በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ከኦስትሪያው ሽታየር በፈቃድ ከወሰደችው ንድፍ የመጣ፣ ፖምፓቸውም ሜካኒካል ነው። ከኤንትሬ ሥር ያደገ መካኒክ ጭሱን አይቶ፣ አየሩን አስወጥቶ ያስነሳዋል። ክሩ የተበጠሰው አሁን ነው። አዳዲሶቹ ሞተሮች ናፍጣውን ከ1,000 ባር በላይ አጭቀው ይይዛሉ፤ የድሮው ኖዝል የሚከፈተው በ200 ገደማ ነበር። በዚህ ሞተር ላይ የቧንቧ ዳዶ አላልቶ ማዞር ቆዳ በስቶ የሚገባ ናፍጣ ነው፤ እጅ ያሳጣል። የሽማግሌው ዘዴ ለመጀመሪያ ጊዜ አደገኛ ሆነ። አዲሱ ምርመራ በኮምፒውተር ይነበባል፤ ኮምፒውተሩም «ይህን ዕቃ ቀይር» ይላል፤ ዕቃው ዶላር ይጠይቃል፣ ዶላሩ ወረፋ ይጠይቃል።

መንግሥት በ2012ቱ የኤክሳይዝ አዋጅ አሮጌ መኪና ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ከኤሌክትሪክ ውጭ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክሏል። ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ አገር ይህን ቢያስብ አይገርመኝም። የኤሌክትሪክ መኪና ሞተሪኖ የለውም፤ «ይዞራል አይነሳም» የሚለው በሽታም አይይዘውም። የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ኤንትሬን በጆሯቸው የጠገኑ ሰዎች አርጅተዋል፤ የቴክኒክና ሙያ ተቋሞቻችን ተማሪ ሞተር እንዲያስነሳ ሲያስተምሩ እነዚህን ሰዎች ወንበር ላይ አስቀምጦ የጠየቀና የቀዳ ተቋም አላየሁም። የአርበኞችን ቃል ለመቅዳት ዘግይተናል ብለን እንቆጫለን። የመካኒኩን ቃል ለመቅዳት አንድ ስልክና አንድ ከሰዓት ይበቃል፦ ጭስ የሌለ ጊዜ ምን ታያለህ? ነጭ የሆነ ጊዜስ? ቀትር ላይ እምቢ ያለው ፖምፓ ላይ ጨርቅ ማልበስን ማን አስተማረህ? ያንን ሰውስ ማን አስተማረው? ሦስተኛው ወይም አራተኛው ስም ላይ የአንድ ጣሊያናዊ ጋራዥ መድረሳችን አይቀርም።

ሮም ውስጥ ግን ይህን አማርኛ ይዛችሁ ብትሄዱ አትግባቡም። ነዳጅ ማደያው ላይ የተጻፈው «ጋዞሊዮ» ነው፤ «ናፍጣ» የሽማግሌ ቃል ሆኗል። «ሞተሪኖ» ብላችሁ ብትጠይቁ ደግሞ የሚያሳዩዋችሁ ትንሽዬ ሞተር ብስክሌት ነው።